ያልበሰለ ማንጎ

በፓፔቴ ሙዚየም ከሥዕሉ ፊት ቆሞ፣
አስጎብኚው ያብራራል፣ እጁን አገጣጥሞ፦
«ማንጎው ፈተና ነው፣ ቀዩ ጨርቅ ሴትነት፤
ዓይናቸው የሚያዝነው ስለ ጠፋች ገነት።»

ፖኤራቫ ሳቀች።
አርባ ዓመት ፍሬ በመዳፏ መዝና የሸጠች፣
ጠባቂው እስኪቆጣት ድረስ ወደ ሸራው ተጠጋች፦

«ይሄ ማንጎ ጥሬ ነው፤ ወተቱ ገና አልደረቀ፤
ያለ ወሩ የቀጠፈው የቸኮለ ነው፣ ዛፍ ያላወቀ።
የግራዋን ክንድ እዩት፣ ሳህኑ ከብዶት ዝሏል፤
ፊቷ ሐዘን አይደለም፤ ‹መቼ ይበቃዋል?› ይላል።
የቀኟም ዓይኗ ወዲያ ነው፣ ከሸራው ጠርዝ ባሻገር፤
ያስተኛችው ልጅ ይሆን፣ ወይስ የጣደችው ነገር?»

መዳፏን አሸተተች።
የሞሬአ ጀልባ ሊደርስ ነው፤ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

ሁለቱ ሴቶች እዚያው ናቸው፤
ማንጎው ዛሬም አልበሰለ፣ ሳህኑም አልወረደላቸው።