ማን ከማን ያንሳል

ፀሐይ ከጠለቀች ሦስተኛ ሳምንቷ፤
ቫድሶ ላይ ቀን የለም፣ መብራት ነው ንጋቷ።
ከማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ዓይኔን ከስክሪን ሳልለይ፣
መቶ አርባ አረጋውያን በዝርዝር ይዣለሁ።
በዕድሜ ልደረድር ኮድ እጽፋለሁ፤
ነገ ምሳ ጭኖ የሚዞረው መኪና
በታላቅ እንዲጀምር፣ በታናሽ እንዲጨርስ። ትእዛዝ ነው፤ ይመስላል ቀና።

ሰው ሁሉ አንድ ዕቃ ነው በጃቫ አገር ሕግ፤ በሆዱ
ስምና የበር ቁጥር፣ ጨው መከልከሉ፣ ዓሣ መውደዱ፣
የተወለደበትም ቀን።
ዝርዝሩ ግን በራሱ ማን እንደሚቀድም አያውቅም፤
ሁለት ሁለቱን እያነሣ እኔ ፊት ያቆማል፣
እንደ ከሳሽና ተከሳሽ፤ ይጠይቃል፦ «ማን ከማን ያንሳል?»
ቀን ከቀን አስተያይቶ እንዲፈርድ አስተማርኩት፤
ሲተካከሉ ዜሮ እንዲል፣ እጁን እንዲሰበስብ ነገርኩት።
ኢንጋና ሶልቫይግ መንታ ናቸው፤ እንደ አመጣጣቸው ያልፋሉ፣
ማን ቀደመሽ፣ ማን ገፋሽ ሳይባባሉ።

ማስኬጃውን ተጫንኩ።
ቀይ ጽሑፍ። ወደቀ።
መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ስለ አንዲት ሴት ቆመ።
ራቭና፣ የበር ቁጥር ሰባት፣ ዓሣ ትወዳለች፤
የልደት ቀን፦ ባዶ።
ዜሮ አይደለም። ዜሮ እንኳ ቁጥር ነው፣ ወገን አለው።
ባዶ ከማንም አያንስም፣ ከማንም አይበልጥም፣
ሲጠይቁት ጠያቂውን ይዞ ይፈርሳል።

ምሳ ለሚያደርሰው ለቱርላይፍ ደወልኩ።
«እሷማ» አለኝ፣ አፉ ውስጥ ዳቦ እንዳለ፣
«ጀርመኖች መንደሯን አቃጥለው ሲወጡ
የደብሩ መዝገብ አብሮ ነደደ።
እናቷ ‹አጋዘኖቹ ወደ ባሕር ሲወርዱ ነው የወለድኩሽ› ብላታለች።
አጋዘኖቹ ደግሞ በየዓመቱ ይወርዳሉ።»
«እስከ ዛሬስ?»
«እስከ ዛሬማ በእጅ ነበር የሚጻፈው። መጨረሻ ላይ ነበረች።»

ቋንቋው ሁለት በር ከፈተልኝ፦
ባዶዎች ይቅደሙ፤ ባዶዎች ይከተሉ።
ልዩነቱ አንድ ቃል ነው።
ወደ ኋላ ባደርጋት ሾርባዋ እንደለመደው ይቀዘቅዛል፤
ወደ ፊት ባደርጋት የዘጠና ስድስት ዓመቱ ኤይንዋር ያኮርፋል።
ጥር አንድ ብዬ ልጻፍላት? ቢሮ ላላወቀው ሁሉ የሚያድለው ልደት፤
እሱም ውሸት፣ ያውም ሰነፍ ውሸት።
ተራ ሴት ናት ይላሉ። ተራ ግን አልነበራትም።

ይቅደሙ ብዬ ጻፍኩ። መብራቱን አጠፋሁ።

በማግስቱ ቱርላይፍ ደወለ፤ ሞተሩ ይሰማል።
በሩን ስትከፍት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች አሉ፣
ከሾርባው የሚወጣውን እንፋሎት አየች፣
ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እያስተካከለች፦
«ዛሬ ደግሞ ማን ሞቶ ነው?» አለችው።