ክብሪት

ደብረ ብርሃን፣ ሐምሌ፤ ጉም መስኮት ጋርዶታል፤
የምክር ክፍሌ አምፖል በቀትር ብልጭ ድርግም ይላል።
ዛሬ ሦስተኛዬ ነው ከይርገዱ ጋራ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር ስትፈትሽ ኖራ
ልጇ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ ሸሽቷት፣
ሐኪሙ ነው፣ በቁራጭ ወረቀት፣ ወደ እኔ የላካት።

«ይገባኛል» አልኋት፤ አንገቴን ነቀነቅሁ፤
ስለ እሷ የምጽፍ መስዬ፣ ኪራይና ጤፍ ደመርሁ።

ዝም አለች።
ባጃጅ አለፈ በደጅ፣ ጭቃ እያንቦጫረቀ፤
ጣቷ የሹራቧ ጫፍ ላይ ክር እየፈለቀቀ።

«እኔ ክር ሲመጣ አልጠይቅም ሻጩን፤
ክብሪት እጭርና አነዳለሁ ጫፉን።
ሱፍ ከሆነ ፀጉር ፀጉር ይሸታል፣ አመድ ይሆናል፤
ናይለኑ ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል።
ሲያዩት ያው ነው እኮ፤ ሲዳስሱትም ያው፤
ሌሊት፣ ብርዱ ሲመጣ ነው የሚለየው።
አሁን ያልኸኝን ቃል...
ልለኩሰው?»

ከትምህርት ቤት ያመጣሁት መልስ ነበረኝ ደርዘን፤
ሁሉም ለስላሳ፣ ሁሉም ጥሩ ናይለን።

ደብተሬን አዙሬ ድምሩን አሳየኋት፤
«አልሰማሁሽም ነበር። ልጅም ቀብሬ አላውቅም» አልኋት።

አልሳቀች። አላለቀሰች። ይቅርም አላለች።
መነጽሯን አውጥታ ቁጥሮቹን ወረደች፤
«እዚህ ጋ ተሳስተሃል፤ ሁለት መቶ ብር ጎድሏል» አለች።

ከዚያ፣ በሦስት ቀጠሮ አንዴም ያላነሳችውን
የልጇን ስም ጠራች።

አልጻፍሁትም።
እዚህም አልጽፈውም።