በአስራ ስምንትና በሃያ ሁለት መካከል

ጥቅምት ሲጋመስ ነው ስልኬ የሚያብደው፣
በጋውን የተኛ ምድጃ ሰው ሲያነደው።
አንዱ «ጭሱ በዛ»፣ ሌላው «አልነሳ አለ»፣
ሌላዋ «መስታወቱ ጠቁሮ ከሰለ»።
አርሚዳ ስትደውል፣ ስልኩን በክንዴ ልክ ከጆሮዬ አርቃለሁ፤
እንዲህ ስትል ታዲያ ከዚያም እሰማለሁ፦
«ምድጃ ነው ብለህ፣ ሎሪስ፣ አታልለህ፣
አውሮፕላን ነው እንዴ ሳሎኔ የተከልህ?»

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሩሼን ሸክፌ፣
የካርኒያን ዳገት ወጣሁት ሦስት ጊዜ አርፌ።
«ግባ!» አለች አርሚዳ። «ዝጋው!» አለ ዶሪኖ።
ሁለቱም በጩኸት፣ የአንገታቸው ሥር ገኖ።
ጠብ አይደለም ይሄ።
አስራ አንድ ክረምት እንዲህ ነው ያወሩት፣
የማራገቢያውን ድምፅ በድምፅ እየረቱት።
«ጨው አቀብለኝ» እንኳ፣ እንደ እሳት አደጋ
በጩኸት ይባላል፣ ጠረጴዛው ጋ።
ዜናውን ከቴሌቪዥን በዓይናቸው ያነባሉ፤
ድመቷም ተሰዳለች፣ ብርዱ ጓዳ ውስጥ ነች ይላሉ።

ግድግዳው ላይ ደግሞ፣ ክብሪት የምታህል አንዲት ነጭ ሳጥን፣
ቴርሞስታቷ አለች፣ የምትቆርጥላቸው የሙቀት መጠን።
እሱ ሲያልፍ ጠቅ ያደርጋል፤ አስራ ስምንት።
እሷ ስታልፍ ጠቅ ታደርጋለች፤ ሃያ ሁለት።
ስለዚህ ጉዳይ ቃል አይተነፍሱም፤
ጣት ነው የሚካሰስ፣ አፎች አይደርሱም።

ሳጥኗም የታዘዘችውን ትፈጽማለች፦
ግማሽ ዲግሪ ሲበርድ «ተነስ!» ትለዋለች፣
ግማሽ ዲግሪ ሲሞቅ «ተኛ!» ትለዋለች።
ሲነሳ ያጓራል፣ እንክብሉን ብረት ላይ ያንጠባጥባል፣
ነበልባሉ ሳይቆም መልሶ ያንቀላፋል።
አልዓዛር አንድ ጊዜ ነው ሞቶ የተነሳ፤
ይሄ በቀን ሃያ! ብረትስ ቢሆን ልቡ አይሳሳ?

«ልዩነቱን አስፉት» አልኩ፤ «ሁለት ዲግሪ ስጡት፤
በዝግታ ይንደድ፣ በትንሽ በትልቁ አትቀስቅሱት።»
ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።
አንዳቸውም አልሰሙኝ።

ዶሪኖ ከረጢቱን በእግሩ ጫፍ ገፋ አድርጎ፣
«አርባ ዓመት» አለ በጩኸት፣ «አርባ ዓመት ከመጋዙ ጋራ፣
ከጺሜ፣ ከጫማዬ፣ ሳራግፈው የኖርኩት ሰጋቱራ፣
ዛሬ እንክብል ሆኖ በዩሮ ይሸጥልኛል!
አስራ ስምንት ዲግሪ ለኔ ይበቃኛል።»

ሶኬቱን ነቀልኩት። አመዱን ጠረግሁት።
የማራገቢያውን ቤት በካቻቢቴ ፈታሁት።
ክንፎቹ ላይ ምን አለ? የድመት ፀጉር፣ አቧራ፣
እንደ ካልሲ የተገመደ፣ የከረመ ሰጋቱራ።
በብሩሽ፣ በጣት፣ በትንፋሽ አጸዳሁት፤
ጠብታ ዘይት ለዘንጉ፣ መልሼ አሰርኩት፤
አስነሳሁት።

ዝም።

እሳቱ ይታያል፤ ጩኸቱ ግን የለም።
የግድግዳው ሰዓት ተሰማ። ከጣሪያው ጠርዝ
የሚወርድ የውሃ ጠብታ ተሰማ።
«ዳነ?!» ብላ አርሚዳ ጮኸች፤
ድምፅዋ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሲቀር፣ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ከዚያ ግን ሰማሁት፤ ስስ፣ ደረቅ ፉጨት፣
መጥቶ የሚመለስ፣ እንደ ዛገ ዘንግ መፍጨት።
«ኩሽኔታው ነው» ብዬ ተንበረከክሁ፤
ጆሮዬን ከብረቱ አስጠግቼ አዳመጥሁ።
ብረቱ ጤነኛ ነው።
ድምፁ ከኋላዬ ነው፤ ከወንበሩ፤
ከዶሪኖ ደረት፣ በየትንፋሹ፣ ከሥሩ።

ያልተራገፈው፣ ለካ፣ እዚያ ነው የቀረው።
ለዚህ ብሩሽ የለኝም። ካቻቢቴም አይፈታው።

አርሚዳ ቆማለች፤ እጇ ወደ ነጯ ሳጥን ተዘርግቶ፣
በአስራ ስምንትና በሃያ ሁለት መካከል ቀርቶ።
ከዚያ ዞረች።
በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሹክሹክታ፣
«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

እሱ ገና ይጮኻል፦
«ምኑ?»