የጎጀብ ፓስታ

ከቴፒ ሲመለስ፣ ከአምስት ቀን በኋላ፣
አቧራው ሳይራገፍ ፓስታዬን ሊበላ
ተቀመጠ ነስሩ፤ ሹካውን ጨበጠ፣
ሁለት ጊዜ ጎርሶ ጣሪያ ላይ አፈጠጠ።
"ጥሩ ነው" አለና፣ ሳህኑን ገፋ አርጎ፣
"ብቻ..." አለ፣ ረስቶ ያን የመሰለ ስጎ፣
"ብቻ እንደ ጎጀቡ..." ጀመረና ዝም አለ።
ያ "ብቻ" የሚሉት ቃል ቤቴ ውስጥ ዋለ፤
ሽንኩርት ስልጥ አብሮኝ ልጣጭ ቆጠረ፣
ማታም በእኔና በእሱ መሀል አደረ።

የእኔን ፓስታ እንደሆን ሄርማታ ያውቀዋል፤
ልጁን የሚድር ሰው ቀድሞ እኔን ይጠራል።
ጣልያን የሠራው ፎቅ፣ ሥሩ ካለው ሱቅ
ሰባራ አልቀበልም፤ ባለሱቁ ይሳቅ!
ቲማቲሙን ልጬ፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ፣
እንዳይልከሰከስ ውሃውን አድፍጬ፣
ኮረሪማ ቢጤ ጣል አርጌ መርጬ፣
አንዷን ክር ነክሼ፣ ልቧን አዳምጬ
ነው የማወጣው።
ታዲያ ለዚህ ነው "ብቻ"?

መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን አሰብሁ።
ጎጀብ ማን አለችው? ብዬ ጠረጠርሁ።
ድልድዩ አጠገብ ሻይ ቤት የከፈተች
አንዲት ባለወርቅ ጥርስ አለች ሲሉ ሰማሁ፣
ለሾፌር ፈገግታ በዱቤ የሸጠች።
ረዳቱን፣ ተማምን፣ በዳቦ ባባብለው፣
"እትዬ ልሙት" አለ፣ "ይኼ ሚስጥር ነው።"

ሰኔ ላይ፣ ልጆቹን ለሸሪፋ ትቼ፣
"ቦንጋ እህቴን ልጠይቅ" ብዬ ዋሽቼ፣
በአይሱዙው ጋቢና መሀል ተቀመጥሁ፤
ያኔ አስፋልት የለም፣
ከሰቃ እስከ ሸቤ ሦስቴ ዱዓ አረግሁ።
ሸቤ ላይ ቁርስ በላን፣ ፓስታ በእንጀራ፤
እጄ እስኪቀላ ዛቅሁ ከሾፌሮች ጎራ።
"ይኼ ነው?" ብለው፣ ሳቀ። "የት ደርሰሽ! ገና ነው።"

ጎጀብ ስንቃረብ ዝናቡ ወረደ፣
የኋላ ጎማችን ጭቃው ውስጥ ሄደ፣
ሄደና ቀረ።
መሸ። ሻይ ቤቱ ሩቅ፣ ድልድዩም አይታይ።
ነስሩ ከወንበር ሥር ቡታጋዝ አወጣ፣
ጠርዙ የጎበጠ ድስትም አብሮ መጣ፤
ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ዝናብ ባልደረሰው፣
ፓስታውን እንደ ጭራሮ ይዞ ቀነጠሰው!
(እኔ ሰባራ የማልገዛው!)
አንዲት ቆርቆሮ ሳልሳ በካቻቢቴ በስቶ፣
ጨው የሚባል ነገር ፈጽሞ ረስቶ፣
"ተው" ሳልለው በፊት አማሰለ፣ አረረ፣
ያረረውን ፍቆ ከላይ ደመረ።
ሹካ የለም። ተማም የቡና እንጨት ቆርጦ
ሦስት ባላ ሠራ፣ በቢላዋ ልጦ።

ጎረስሁ።
አላህ ያሳያችሁ! ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ሊጥ፣
ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ቢውጡት የማይዋጥ።
ልተፋው ዞር ስል
የፋኖሱ ብርሃን ነስሩ ፊት ላይ ነው፤
ባላውን እንደያዘ፣ ሳይጎርስ፣
አፍ አፌን ያያል።
ያንን አተያይ አወቅሁት።
የእኔ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከድስቱ አጠገብ ቆሜ
እሱን ሲጎርስ ያየሁበት።

ዋጥሁት።
"ጥሩ ነው" አልሁት።
"ብቻ?" አለኝ፣ ከእኔ ቀድሞ።
"ብቻ ጨምርልኝ።"

ተማም የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ አመሸ፣
ዝናቡም ቀስ እያለ ወደ ቦንጋ ሸሸ።
ጠዋት ትራክተር ስቦ አወጣን።
ድልድዩን ስንሻገር አንገቴን አስግጌ
ወደ ሻይ ቤቱ አየሁ፤ ተዘግቶ ነበር።
ነስሩ ግን ጥሩንባውን ነፋ።
አንድ ጊዜ። አጭር።
"ለማን ነው?" አልሁት።
"ለድልድዩ" አለ።