መርከብ በደረቅ ወንዝ

ፊልሙ ሲታይ እኔ ተኝቼ ነበር፣
በመትናሱ አዳራሽ፣ በኋለኛው ወንበር።
የሌሊት ፈረቃ ዓይን አያከብርም፤
መብራት ከጠፋ ወዲያ ጀግና የለም።
ትዝ የሚለኝ ይኸው፦ አንድ ጥቅል ካርታ፣
የሚጮህ ማዕበል፣ የሕፃናት ጫጫታ፣
ከዚያም የኖጋ ክርን፣ በጎድኔ መሀል፦
«አባ፣ ታንኮራፋለህ፤ ሰው ይስቅብሃል።»

ዓርብ ከቀትር በኋላ ቤቱ ተበጠበጠ፦
የመታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ አመለጠ።
ጭልፋ የለም። የልብስ መቆንጠጫ የለም።
«የት ገቡ?» አለች ተዋበች። ልጆቹም የሉም።
ከሱካ የተረፈኝ ስድስት ጣውላ ነበር፣
ከደረጃው በታች ያቆምኩት፣ ለክፉ ቀን ነገር፤
እሱም የለም።
የሥራ ሰደርያዬን፣ ያንን ብርቱካንማ፣
ሳላወልቅ ወረድኩ ከታች ጩኸት ብሰማ።

ከሕንጻዎቹ ጀርባ ወንዝ የሚሉት አለ፣
ከክረምት ሁለት ቀን በቀር ውሃ አዝሎ ያልዋለ፤
ኦፋኪም የጣለችው ጎማ የሌለው ብስክሌት፣
ዔሊ፣ የጃርት እሾህ፣ ነጭ የባሕር ሽንኩርት።
በመሀሉ መርከብ።
የማቀዝቀዣ ካርቶን ሆዱ፣ ጣውላዬ ጎኑ፣
መጋረጃችን ሸራው፣ ዶልፊን በየወገኑ።
ኖጋ ካፒቴን ናት፤ ግሌብ፣ የጎረቤት ልጅ፣
በካርቶን ቱቦ ያያል የአድማሱን ደጅ፤
ኢታማር፣ ገና አምስት ዓመቱ፣ ጭልፋ ታጥቆ
ከመርከቡ ጫፍ ቆሟል፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ተጠንቅቆ።

«ቁም!» አለች ኖጋ። «አንድ እርምጃ ብትጨምር ትሰጥማለህ።
የቆምክበት ውሃ ነው።»
እግሬን አየሁ። አቧራ ነው።
ደግሜ አየሁ።
ምን ልበላችሁ፣ ጫማዬ ከበደኝ።

«ምን ሆኜ ልምጣ?» አልኩ። ተማከሩ በዕብራይስጥ፤
ፈጣን ነው ቋንቋቸው፣ ያልፈኛል ሲሮጥ።
በመጨረሻ ኢታማር ሰደርያዬን አይቶ
«ቆዳው ያበራል! አውሬው እሱ ነው» አለ፣ ጭልፋውን ዘርግቶ።
«አውሬው በፊልሙ ምን ይላል?»
«ተኝተህ ነበር» አለች ኖጋ፣ ምንም ሳታዝን። «ከራስህ አምጣ።»

ከራሴ ምን ላምጣ?
ጎንደር ላይ፣ ተራ ስንጠብቅ፣ ዓመት በዓመት ሲሄድ፣
ድንጋይ እንደረድር ነበር በኪራይ ቤታችን መንገድ፦
ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ፣
መሀሉን መተላለፊያ።
አብራሪው እኔ ነበርኩ፣ መሪዬ የድስት ክዳን፤
ከቅርብ ያየ አልነበረም አንድም ሰው አውሮፕላን።
ድምፁን ግን ፈጠርነው፣ ከሆድ፣ ከጉሮሮ፤
ስንቴ ኢየሩሳሌም ደረስን፣ ስንቴ ተመለስን ለሽሮ።

ያንን ድምፅ አወጣሁት።
እጄን ዘረጋሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሞተሩ ተነሣ።
ግሌብ ቱቦውን ጣለ። ዔሊዋ አንገቷን አስገባች።
«አውሬ እንደዚህ አይጮህም» አለች ኖጋ።
«የባሕሩ አይጮህም። ይሄኛው የሰማይ ነው፣ ባሕር ላይ የወደቀ።»
ትንሽ አሰበች።
«እሺ» አለች። «ግን ትሞታለህ።»

ሞትኩ። ሦስት ጊዜ። አንደኛውን ኢታማር አላየውም፣
ሁለተኛው ደግሞ፣ አሉኝ፣ አያሳዝንም።
በሦስተኛው ቆየሁ፤ ጀርባዬ አፈሩን ወደደው።

ተጋድሜ ሳለሁ፣ ለመርዳት ብዬ፣
«ሀብቱ ከዋሻው ነው» አልኩ፣ ጣቴን ቀስሬ
ወደ መንገዱ ዳር፣ ወደ ሲሚንቶው መጠለያ፣
አበባ ወደ ተሳለበት።
ኖጋ ዝም አለች። ስትመልስ ድምፅዋ የካፒቴን አልነበረም።
«እሱ አይደለም፣ አባ። እሱ የእውነት ነው።»
አልመለስኩም። ተነሥቼ
መርከቡን አብረን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞርነው።

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል፣ ሰንበት በር ላይ ቆሞ፣
ተዋበች መጣች፣ ቁጣዋ ከእሷ ቀድሞ።
መጋረጃዋን አየች። እኔን አየች፣ አፈር ለብሼ።
አፏን ልትከፍት ስትል
«እማ፣ ጥልቅ ነው!» አለ ኢታማር፣
እውነተኛ ፍርሃት ይዞት።

ከዳር ቆመች።
ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብሰብ አደረገች።
አልሳቀችም።
«ይቀዘቅዛል?» አለች።