ውይይት

የወረዳው ጸሐፊ «የቤት ቁጥር?» ቢለኝ
ሰሌዳዬን ጠራሁ፤
ብዕሩን አስቀምጦ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

ቤታችን ውይይት ነው፤
ስንቱን ከፒያሳ ለገሃር ያደረሰ፣
ዛሬ ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ አጥር ተደግፎ ያነከሰ።
ሁለት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት፤
አንዱ የእኔ፣ አንዱ የፋንታነሽ፤
ጉልበት ለጉልበት ነን፣ ሲነጋም ሲመሽ።

ጓዳ ሳለን ኩርፊያችን ሳምንት ይከርም ነበር፤
እዚህ ወዴት ዞር ይባላል?
«ጨው አቀብዪኝ» ለማለት እንኳ መታረቅ ግድ ይላል።

ውሃው አንድ ጀሪካን፤
ሽሮ ይቀድማል፣ ፊት ይከተላል፣
እግር፣ የተረፈ ካለ።
የፓርኪንጉ ልጅ ኪራያችንን በሰዓት ይቆርጣል።

ሐምሌ ጣሪያውን በሦስት ቦታ በሳው፤
ያለን ጣሳ ሁለት ነው።
ለሦስተኛው በተራ መዳፍ እንዘረጋለን፤
እሷ ስታንቀላፋ እኔ፣
እኔ ሳንቀላፋ እሷ፣
አንዳንዴም ፍራሹ።

ትናንት ትራፊኩ «አንሱ!» አለን።
የሊስትሮ ልጆች ቤታችንን ገፉልን፣
ሃምሳ እርምጃ።
አድራሻ ቀየርን።

ማታ ሻማው ሲጠፋ
ፋንታነሽ፣ እንደ ድሮው ረዳቴ፣
«ወራጅ አለ?» ትላለች።
ጥቂት ዝም እላለሁ፣ የማስብበት መስዬ።
«የለም።»
«በል ሳበው!»