ተነፈሰ

አባቴ ጎሚስታ ነበር፣ ከጅቡቲው መንገድ ዳር፤
ባለተሳቢው ሲቆምለት፣ ጆሮውን ጎማው ላይ ሊያኖር
ይንበረከካል በጉልበቱ፣ እንደ ሐኪም ልብ ሲያዳምጥ፤
«ተንፍሷል» ይላል ዝግ ብሎ፣ ሹፌሩን ላለማስደንገጥ።

ልጅ ነበርኩና ግራ ገባኝ፦
ሰው ከተነፈሰ ይኖራል፣
ጎማ ከተነፈሰ አለቀለት።
ለአንድ ግስ ሁለት ፍርድ! ብጠይቀው ሳቀና
«ሰውም ያው ነው» አለ፣ «ትርፍ ጎማ የለውምና።»

ዛሬ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፣ ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ፤
ማታ ማታ ብልቃጥ አገላብጣለሁ፣ ቀን ፍለጋ።
ኤክስፓየር ያደረገውን ለብቻው፣ በካርቶን።
ኮሌጅ ሳለን መምህር ይርዳው፣ ላቲን ያነበበ ሰው፣
ይህን ቃል እንደ ብርቱካን ልጦ አሳየን፦
ውስጡ «ወደ ውጭ መተንፈስ» ነው ያለው።
ሽሮፑም እንግዲህ፣ ክኒኑም፣ መደርደሪያዬ ላይ
ማንም ሳያለቅስለት የመጨረሻውን ተነፈሰ ማለት ነው።
መስኮታቸው «የነፋስ ዓይን» ነበር አለን፤
ሴራቸው «አብሮ መተንፈስ»፤
ሽቷቸው ደግሞ «በጭስ በኩል»።
እኛ ሳቅን። የቤታችንን ሳናይ።

ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፤
ከአንድ እናት የወጡ፣ አንድ ቤት ያደሩ፤
ነጫጮቹ ክንፎች ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ ሲዞሩ
የትኛዋን እንደሚፈጩ ማን ያውቃል?
እናቴስ በኦሮምኛዋ አልተቸገረችም፤
ትንፋሹም መንፈሱም «ሃፉራ» ነው፣ አትከፍለውም።
አባቴ በግንቦት አቧራ አየር ሲያጥረው፣
ሌሊት ከአጠገቡ ሆና የምትለው ያቺኑ ነበር፦ ሃፉራ፣ ሃፉራ።
ትንፋሹን ትጥራ ወይ መንፈሱን፣ አልጠየቅኳትም።

«ነፍስ ይማር» አለ ለቀስተኛው።

ቱታው ፌስታል ውስጥ ነው፣ ነፋስ እንዳይገባበት።
ኮላ፣ ናፍታ፣ የተቃጠለ ላስቲክ፣ ከሥሩ ደግሞ እሱ።
ሽታ አልለውም፣ መዓዛም ውሸት ይሆናል፤
ሽታ የአፍንጫ ነው፤ ጠረን የባለቤቱ።
ፌስታሉ ላይ ቀን አልተጻፈም፤ እኔም አልጻፍኩበት።

ብስክሌቱ ግን በረንዳው ላይ አለ፣
በመጨረሻው እሁድ በእጅ ፓምፕ የነፋው።
ነፋሱ የአዳማ ነው፤ ግፊቱ የሱ።
ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ልይ ብዬ
ተንበርክኬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
ትንፍሽ አላለም።